በ«ዶክተር ሁ» ለውጦች ላይ የተጠራ ውይይት

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ አባላት፣

«ዶክተር ሁ» በተሰኘው የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ፊልም ላይ በተደረጉት ለውጦች ምክንያት በመካከላችን የተነሣውን ክርክር ተገናኝተን እንድንወያይበት፣ በመጪው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ደሴ ፒያሳ በተለመደው ቡና ቤት እንድትገኙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1963 በቢቢሲ የጀመረው ይህ ፊልም ለረጅም ዘመን ሊዘልቅ የቻለው፣ የመጀመሪያው መሪ ተዋናይ የዊልያም ሃርትኔል ጤና ሲታወክ «ዶክተር» የተባለው ዋናው ገጸ ባሕርይ በ1966 አካሉን ለውጦ በፓትሪክ ትራውተን እንዲቀጥል በመደረጉ ነው። ስለዚህ የተዋናይ መቀያየር፣ ጆዲ ዊታከር የመጀመሪያዋ ሴት ዶክተር መሆኗ ጭምር፣ ከፊልሙ ባሕርይ ጋር የሚጣጣም ይመስለኛል። በእጅጉ የሚያሳስበኝ በ2020 የተላለፈው ክፍል ነው፤ ዶክተሩ ከሃርትኔል በፊትም ሌሎች ሕይወቶች እንደነበሩት በመግለጹ፣ ተመልካች ለአሥርት ዓመታት የተቀበለውን መነሻ ታሪክ ቀይሮታል። የውይይታችን ዋና ጥያቄ ይኸው እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።

ክፍሉን አስቀድማችሁ ድጋሚ ተመልከቱ፤ የምትከራከሩበትንም ትዕይንት በማስታወሻ ይዛችሁ ኑ። የኮምቦልቻ አባላት የሐረጎን ተራራማ መንገድ ሳይመሽ እንዲያልፉ 11 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን።

መገኘታችሁን፣ በጥያቄው ላይ ሌላ ሐሳብ ካላችሁም እርሱን፣ እስከ ዓርብ ማታ በዚሁ ቡድን እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።