ተመላሽ ግብሬ የት ደረሰ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኮምቦልቻ ውስጥ ለመሥሪያ ቤቶች የጽሕፈት ዕቃ አቀርባለሁ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ዊዝሆልዲንግ (ገዢው መሥሪያ ቤት ለግብሬ ብሎ ቀድሞ የሚያስቀረው ገንዘብ) ይቆረጣል፣ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ 2 በመቶ ነበር። ትንሽ ይመስላል። ግን የሚቆረጠው ከሽያጩ እንጂ ከትርፉ አይደለም። የ100,000 ብር ዕቃ ሸጬ 5,000 ባተርፍ ቀድሞ የተወሰደብኝ 2,000 ነው፣ በ35 በመቶ እንኳ ቢሰላ ግብሩ ከ1,750 አያልፍም። ልዩነቱ የኔ ነው። ሌላ የግብር ዕዳ ካለብኝ መጀመሪያ እሱን ያቻችሉት፣ ሕጉም እንደዚያ ነው የሚለው።

የሚያናድደኝ የተመላሹ መዘግየት ብቻ አይደለም። የት እንደደረሰ የሚነግር ሰው የለም። የግብር ቢሮው አንዱ መስኮት «ኦዲት ላይ ነው» ይላል፣ ሌላው «ፊርማ ይቀረዋል»፣ ሦስተኛው ቀና ብሎም ሳያየኝ «ሲስተም የለም»። የፋይሌ ሽፋን ላይ በእርሳስ «ይታይ» ተብሎ ተጽፏል። ማን ይየው? መቼ? ቀን የለውም፣ ስም የለውም። (ሠራተኞቹ ሥራ እንደሚበዛባቸው አይጠፋኝም፣ በተለይ በሐምሌ።)

እኔ የግብር ማስታወቂያዬን ባዘገይ ግን ባልከፈልኩት ግብር ላይ በየወሩ 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ ይቆለልብኛል። እዚያ ላይ ሲስተሙ ጠፍቶ አያውቅም!

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ማመልከቻ ስናስገባ ቁጥር ይሰጠን። በዚያ ቁጥር ፋይሉ ማን እጅ እንዳለና ምን እንደጎደለው በአጭር የስልክ መልእክት ይነገረን፣ ሱቅ ዘግተን ደጅ ከምንጠና።

ከኮምቦልቻ፣ አንድ ግብር ከፋይ