የልያ ልጆች ስም

ሰላም ቤተሰብ፣ ለሐሙስ ዘፍጥረት 29ን ከቁጥር 31 ጀምራችሁ አንብባችሁ ኑ። የስም ዝርዝር ሲመጣ ገጹን ገልብጠን የምናልፍ ብዙ ነን፤ እኔም አንዷ ነኝ። ግን ልያን እዩዋት። ባሏ ያዕቆብ አይወዳትም፣ እሷ ደግሞ በሆዷ ያለውን ሁሉ በልጆቿ ስም ታወጣዋለች። ሮቤል፣ እግዚአብሔር መከራዬን አየልኝ። ስምዖን፣ ሰማኝ (ዕብራይስጡም ልክ እንደኛው «ሰማ» ከሚለው ነው)። ሌዊ፣ አሁንስ ባሌ ይጠጋኛል። አራተኛው ላይ ስለ ባሏ አንድም ቃል የለም፤ ይሁዳ፣ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፣ በቃ። ማቴዎስ 1 ላይ የኢየሱስ የዘር ሐረግ የሚያልፈው በዚሁ በይሁዳ ነው እንጂ በተወዳጇ ሚስቱ፣ በልያ እህት በራሔል ልጆች አይደለም።

እኛም ጋ ካሳ፣ ማስረሻ፣ ምትኩ የሚባሉ ሞልተዋል። ስማችሁን ማን፣ ለምን እንዳወጣላችሁ ቤት ጠይቃችሁ ኑ።