ቅዳሜ የኬኒዉድን የኖኅ መርከብ ለማየት

ውድ አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ በፒትስበርግ አቅራቢያ ወደሚገኘው ኬኒዉድ የመዝናኛ ፓርክ የምንሄደው በዋናነት የኖኅ መርከብ የተባለውን፣ በመርከብ ቅርጽ የተሠራ የመዝናኛ ቤት በእግራችን ተዘዋውረን ለማየት ነው። ብዙ ጎብኚ ወደ ፈጣኖቹ የመዝናኛ ባቡሮች (ሮለር ኮስተሮች) ሲጣደፍ አልፎት ይሄዳል፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። መርከቡ ከ1936 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከቀሩት እጅግ ጥቂት መሰሎቹ አንዱ ነው። የሚገባው በዓሣ ነባሪ አፍ በኩል ነው፤ ምላሱ ሲረግጡት ይሰምጣል። ይህ አፍ ተነሥቶ ከቆየ በኋላ በ2016 እንደገና ተሠርቷል። ውስጡ ጨለማ ነው፣ መርከቡም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚወዛወዝ መራመዱ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የምንገናኘው ከረፋዱ 4፡30 (በአሜሪካ ሰዓት 10፡30) በዋናው መግቢያ ነው። ከዚያ በጎዳናው ሥር በሚያልፈው መሿለኪያ አብረን እንገባለን። ሰልፍ ሳይረዝም መጀመሪያ ወደ መርከቡ እንሂድ። ተረከዝ የሌለው ጫማ አድርጉ፤ ልጆችን እጃቸውን ያዙ። ራስ ማዞር ያለበት ሰው ውጭ ቢጠብቀን ይሻላል። ቲኬት እያንዳንዱ አስቀድሞ ይግዛ።

የምትመጡ ስንት እንደሆናችሁ፣ በመኪናችሁ ትርፍ ቦታ ካለም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን።