«በጥናት ተረጋገጠ» ስለሚባለው ነገር

ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

የጤና አምዳችሁን ሁሌ አነባለሁ፣ ግን አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ አንድ ጥናት በወጣ ቁጥር ወይ «ተረጋገጠ» ነው ሚባለው ወይ ደግሞ «ምንም ግንኙነት እንደሌለው ታወቀ»፣ ሁለቱም ጥናቱ ካለው በላይ ነው። ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎችም የሚቸገሩት እዚሁ ጋ ነው፣ ዳታውን ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ያስገባሉ፣ ፒ ቫሉ የሚባለው ቁጥር (ምንነቱን ከታች እነግራችኋለሁ) ከተለመደው መስፈርት ከ0.05 ካነሰ ደስ ይላቸዋል ከበለጠ ይከፋቸዋል፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ግን አይጠይቁም።

ሮናልድ ፊሸር የሚባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ያለውን የሻይ ሙከራ ልንገራችሁ። አንዲት ሴትዮ ሻይ በወተት ቀምሼ ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ እንደተቀዳ እለያለሁ ትላለች። 8 ስኒ ይቀርብላታል፣ 4ቱ ወተት የቀደመባቸው 4ቱ ሻይ የቀደመባቸው፣ አራት አራት መሆናቸውን ታውቃለች፣ ቅደም ተከተሉ ግን በእጣ ነው። መነሻችን «ዝም ብላ እየገመተች ነው» የሚል ነው፣ ባዶ መላምት ሚባለው ይሄ ነው። ከ8 ስኒ 4 መምረጥ በ70 አይነት መንገድ ይቻላል፣ ልክ የሚሆነው አንዱ ብቻ ነው፣ ስለዚ በግምት ሁሉንም የማግኘት እድሏ 1.4 ፐርሰንት ገደማ ነው። ካገኘች «ግምት ነው» ማለቱን እንተዋለን። ፒ ቫሉ በቃ ይሄ ነው፣ ባዶው መላምት እውነት ቢሆን እንደዚ ያለ ወይም ከዚ የበለጠ ውጤት የመምጣት እድል። መላምቱ ራሱ እውነት የመሆን እድል አደለም!

ከአራቱ ሶስቱን ብቻ ብታገኝስ? በግምት ሶስትና ከዚያ በላይ የማግኘት እድል ከ70 17 ነው፣ 24 ፐርሰንት ገደማ፣ ከ0.05 (ከ5 ፐርሰንት) በጣም ይበልጣል። ታዲያ አትለይም ማለት ነው? አደለም፣ በዚች ሙከራ ማወቅ አልተቻለም ነው ሚባለው። ስኒው 4 ብቻ (ሁለት ሁለት) ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሁሉንም ብታገኝ እንኳን እድሉ ከ6 አንድ ስለሆነ ምንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ማሳመን አትችልም ነበር። በጥቂት ሰው ላይ ተሰርተው «ልዩነት አልተገኘም» የሚሉ ብዙ ጥናቶች እንደዚ ናቸው፣ መድኃኒቱ ቢሰራም ለማሳየት አቅሙ የላቸውም፣ እናንተ ግን «አይሰራም» ብላችሁ ስትጽፉ ሰው መድኃኒቱን ሊያቆም ይችላል።

ብዙ ነገር ፈትኖ የቀናውን ብቻ ማውጣትም አለ። ምንም እውነተኛ ልዩነት በሌለበት 20 ለየብቻ የቆሙ ነገሮችን በ0.05 ብትፈትኑ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ «ሲግኒፊካንት» (ፒ ቫሉው ከ0.05 ያነሰ) የመሆን እድሉ 64 ፐርሰንት ነው፣ ርዕስ ሆኖ ሚወጣው ደግሞ ያ አንዱ ነው።

ሲግኒፊካንት ነው ማለት ብቻውን ልዩነቱ ትልቅ ነው ማለትም አደለም፣ መጠኑ ካልተጻፈ አንባቢ ምን ይዞ ይፈርዳል? እ.ኤ.አ. በ2020 ብሪታንያ ውስጥ ዴክሳሜታሶን የሚባለው መድኃኒት ከ6,400 በላይ የኮቪድ ሕመምተኞች በተካተቱበት ጥናት ሲፈተን፣ በ28 ቀን ውስጥ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 22.9 ፐርሰንት ካልተሰጣቸው 25.7 ፐርሰንት ሞቱ፣ ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ከነበሩት ግን 29.3 እና 41.4 ፐርሰንት። ለማን በጣም እንደጠቀመ ከነዚ ቁጥሮች ማንም ያየዋል።

ስለዚ እባካችሁ ስንት ሰው ላይ እንደተሰራ፣ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነና ስንት ነገር እንደተፈተነ ጋዜጠኞቻችሁ አጥኚዎቹን ጠይቀው ዜናው ውስጥ ያስገቡልን።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ