ለሰፈራችን ኳስ ሜዳ የውሃ መውረጃ ቦይ፤ የድጋፍ ጥሪ

ለአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ እዚህ አድጋችሁ ዛሬ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ለምትኖሩ ሁሉ፤

አቃቂ ላለው ኳስ ሜዳችን ቦይ ልንቆፍርለት ነው። ገንዘብ፣ ድንጋይና ጉልበት እንፈልጋለን። ማልያው አልቋል፣ መረቡ ተቀዷል፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ለምን ከሁሉ በፊት ቦይ? ረጋ ብዬ ላስረዳ።

የሰፈር ኳስ ዋና ወቅቱ ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል። ፕሪሚየር ሊጉም እረፍት ላይ ነው። የሰፈር ለሰፈር ውድድሩ የሚደምቀው ያኔ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ ደግሞ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ። “ጠዋት አትጫወቱም ወይ?” የሚሉን አሉ። ከልጆቹ ገሚሱ ጠዋት ሥራ ላይ ነው። ግንባታ የሚውል አለ፣ ታክሲ ላይ ረዳት የሆነ አለ፣ የክረምት ትምህርት የሚማርም አለ። ስለዚህ ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀመራል። ዝናቡም በዚያው ሰዓት ይመጣል።

እኛ ያለንበት የአቃቂ አፈር ደግሞ ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ እግር ያጠማዝዛል። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁ ይደፈናል። ከዚያ በኋላ የዘነበው ወደ ታች አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ይተኛል። ሜዳችን ከላይኛው መንገድ ዝቅ ያለ ስለሆነ የመንገዱም ጎርፍ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። በአጭሩ፣ ልጆቹ ጊዜ ሲያገኙ ሜዳው የለም። ሜዳው ሲደርቅ ደግሞ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው።

ባለፈው ነሐሴ የግማሽ ፍጻሜውን ላየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ዶፉ የወረደው ከእረፍት በኋላ ነበር። ጃንጥላ የያዘ ጃንጥላውን ዘረጋ፣ ያልያዘ ፌስታል ራሱ ላይ አጠለቀ። የእድሩ ድንኳን ከጎን ተተክሎ ስለነበር ሽማግሌዎቹ እዚያ ገቡ፤ በቆሎ የሚጠብሱት እናቶችም ከሰላቸውን ይዘው ተከተሉ። ከመቶ የሚበልጥ ሰው ቆሞ ነበር። ወደ ቤቱ የሄደ ግን አላየሁም። የኛ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ተከላካዩን አለፈ፣ በረኛውንም አለፈ፣ ኳሱን ወደ ባዶው ጎል ገፋው። ኳሱ መስመሩ ጋ ሳይደርስ ኩሬ ውስጥ ቀረ። እሱና በረኛው ወደ ኳሱ ተመልሰው ሲሮጡ ጭቃው አንሸራተታቸውና ተጋጩ። የኛ ልጅ በሰው ትከሻ ወጣ፤ ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ከእንጨት ቤቱ ሰጋቱራ በጆንያ አምጥተው ጎሉ ፊት በተኑ። ሰጋቱራው ወዲያው ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ከዚያ ዳኛው ወደ መሀል ሜዳ ሄዶ ኳሱን በደረቱ ልክ ይዞ ለቀቀው። አልነጠረም። ጨዋታውን አቆመ። ትክክል ነበር፤ ኳስ የማይነጥርበት ሜዳ ላይ ልጅ ማጫወት ኃላፊነት የጎደለው ነው። ግን ውድድሩ እዚያው ላይ ተቋረጠ። ዘንድሮ ዋንጫውን የበላ ሰፈር የለም።

ያን ዕለት ሜዳ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ጥር 2005 ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ ገና ሕፃናት ነበሩ። በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው ባንዲራ ያውለበለቡ ናቸው። ኳስ የያዛቸው ያኔ ነው። ዛሬ እኛ ልንሰጣቸው የምንችለው ነገር ትልቅ ስታዲየም አይደለም። ዝናብ ካባራ በኋላ የሚያጫውት መሬት ብቻ ነው።

ሥራው ይህ ነው። ሜዳችን ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ወርዱ 60 ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ላይ ግማሽ ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ እንቆፍራለን። የላይኛው ቦይ የመንገዱን ጎርፍ ሜዳ ሳይገባ ይይዘዋል፤ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የታችኛው ከሜዳው የሚወርደውን ወደ ወንዙ ያወጣል። ቦዮቹ ተጫዋች እንዳይወድቅባቸው በድንጋይና በጠጠር ይሞላሉ። ለሁለቱ ወደ 60 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይበቃል፤ ይህ በሲኖትራክ ገልባጭ መኪና አራት ምልልስ ነው። ከዚያ በሁለቱ ጎሎች ፊት ያለውን ዋልካ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠን ገረጋንቲ፣ ማለትም ጠጠራማ አፈር፣ እንሞላበታለን። ሦስት ሲኖትራክ ገረጋንቲ ይበቃዋል።

መሀሉን ከፍ አድርገን ሜዳውን በሙሉ ወደ ዳር እናዘቅዝቀው የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ከ50 ሲኖትራክ በላይ አፈር ይጠይቃል፣ ለዘንድሮ አቅማችን አይደለም። ሰው ሠራሽ ሣር እናስነጥፍ ያሉም አሉ። ውሃ መውጫ በሌለው መሬት ላይ ሣር ማንጠፍ ገንዘብን ጭቃ ላይ መድፋት ነው ብዬ ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም አቋሜ ያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሴቶች ቡድናችን ዘንድሮ ልምምድ የጀመረው ዘግይቶ ነው። ወንዶቹ በደረቁ ጥግ ላይ ሲጨናነቁ ሴቶቹ ቦታ አጥተው ይመለሱ ነበር። ሜዳው ሙሉውን የሚያገለግል ከሆነ ሁለቱም በአንድ ከሰዓት ይለማመዳሉ። ይህ ብቻውን ቦዩን ለመቆፈር በቂ ምክንያት ነው።

እርዳታው ብዙ ዓይነት ነው። ገንዘብ ያለው ገንዘብ፤ መቶ ብርም አንንቅም። መኪና ያለው ለአንድ ቀን መኪናውን። ቤት እያሠራችሁ ፍርስራሽ ድንጋይ የተረፋችሁ ካላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ጥሩን፣ መጥተን እንጭናለን። አናጢ፣ ግንበኛ፣ የመንገድ ሥራ የሚያውቅ ቀያሽ ከመካከላችሁ አይጠፋም። የላይኛውን ቦይ ቁልቁለት የሚለካልን አንድ ቀያሽ ብናገኝ ከብዙ ብር ይበልጥብናል።

ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ፣ በየዓመቱ ለኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ስትሰባሰቡ ስለዚህ ሜዳ እንደምታወሩ እንሰማለን። ዱባይ፣ ቤሩት፣ ሪያድ ያላችሁ እህቶቻችን ደግሞ ባለፉት ዓመታት ለቡድኑ ኳስ የላካችሁት እናንተ ናችሁ፤ አልረሳነውም። የአንድ ሲኖትራክ ድንጋይ ዋጋ ለብቻው የሚከብድ ከሆነ ሦስት አራት ሆናችሁ ያዙት።

ገንዘቡ የሚገባው በሦስት ፈራሚ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ነው። ፈራሚዎቹ የእድሩ ገንዘብ ያዥ፣ የወጣቶቹ ተወካይና አንዲት የተጫዋች እናት ናቸው። በቴሌብር የሚልክም ወደዚሁ ሂሳብ ነው የሚልከው። የሂሳብ ቁጥሩን ከእድሩ ገንዘብ ያዥ እጅ ብቻ ውሰዱ፤ በሌላ ሰው በኩል የመጣ ቁጥር ላይ እባካችሁ አትላኩ። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ አለ። የገባውና የወጣው በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ይነበባል፣ በሩ ላይም ይለጠፋል።

ጊዜ የለንም። ዋልካ እርጥብ ሆኖ አይቆፈርም፣ አካፋ ላይ ይጣበቃል። ከደረቀ ደግሞ ዶማ አያስገባም። ለቁፋሮ የሚመቸው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። ስለዚህ ገንዘቡን እስከ መስቀል እንሰብስብ፤ ቁፋሮው ከመስቀል በኋላ ባለው የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ እጀታው ላይ ስማችሁን ጻፉበት። ቁርስና ቡና የእድሩ እናቶች ያዘጋጃሉ።