የንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ሰብለን ማን ጠየቃት?»

«ልብ ወለድ ማንበብ ለፈተና ምን ይጠቅማል?» ዘንድሮ በወላጆች ስብሰባ ላይ የተነሳብን ጥያቄ ነው። ልጆቻችን ስለ ቤታቸው ሲጠየቁ አንገታቸውን ይደፋሉ። ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ሲጠየቁ ግን የሆዳቸውን ያወጣሉ። ክበባችን የቆመው ለዚህ ነው።

የሐሙሱ ስብሰባ እንደተለመደው ቀጥሏል፤ ኮሚቴ ተመርጧል፣ ግጥም ቀርቧል። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ላይ ክፍላችን ለቲቶሪያል ስለተፈለገ ለተወሰነ ጊዜ ተቋርጠን ነበር።

ከፋሲካ በኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያዝን። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ለታዳጊዎች ተብሎ አልተጻፈም፤ ለዚህ ዕድሜ የሚሆን የአማርኛ ልብ ወለድ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ወንዶቹ በሰብለ አባት በፊታውራሪ መሸሻ የዘር ቆጠራ ተናደዱ፣ ለሚወዳት ለበዛብህ ተቆረቆሩ። ክርክሩ ሲጋጋል ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ወንበር ቃል ሳትተነፍስ የቆየች የ10ኛ ክፍል ልጅ ተነሳች። «ሁላችሁም አባትየውንና በዛብህን ነው የምታወሩት። ሰብለን ማን ጠየቃት?» አለች። ቀጥላም አገር ቤት ያለች የአክስቷ ልጅ ትምህርቷን አቋርጣ እንዴት እንደተዳረች ነገረችን። ጥበቃው በር ሊዘጋ እስኪመጣ አንድም ልጅ አልተነሳም።

በሚቀጥለው ሐሙስ የዜግነት ትምህርት መምህራችን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ይዘው መጡ። ጋብቻ የሁለቱን ተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ፣ ዕድሜም 18 ዓመት ይጠይቃል። ይህን በክፍል ተምረውታል፤ ያን ቀን ግን ሕጉ የማን እንደሆነ አውቀው አነበቡት። ልጅቷም ጽሑፏን በሚኒ ሚዲያ ለመላው ተማሪ አቀረበች። ይህን ሁሉ ያመጣው ልብ ወለድ ነው፤ ጊዜ ያባክናል የሚሉን ወላጆች አንድ ሐሙስ መጥተው ይስሙልን።

መጽሐፉን ያነበብነው በሦስት ያረጁ ቅጂዎች፣ አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌሎቹ እየሰሙ ነው። ለስፖርት ክበብ ማሊያ ሲገዛ ከልብ ደስ ብሎናል፤ ለመጻሕፍትም በጀት ይያዝልን። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ ለደርሶ መልስ ታክሲ መክፈል የሚችሉ ልጆች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በየኮንዶሚኒየሙ መደርደሪያ ላይ አንብባችሁ ያስቀመጣችሁት መጽሐፍ ካለ፣ ክረምቱ ሳይገባ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን አስረክቡልን። የመጓጓዣ ወጪ መሸፈን የምትችሉም ርእሰ መምህሩን አነጋግሩ፤ መስከረም ላይ ልጆቹን ይዘን ወደ አብርሆት መሄድ እንፈልጋለን።