ዳኮታ የእኛ ብቻ አልነበረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አየር መንገዳችን የመጀመሪያ ዓመታት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከባለቤቴ ጋር እየተቀባበልን አነበብነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከነከነችኝ። «አሜሪካ በጄት ሲበር እኛ በዳኮታ፣ በዚያ በድሮው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ እንንፏቀቅ ነበር» የምትል ናት። ይቺ እንኳን አልተዋጠችልኝም።

እኔ ሚኒያፖሊስ ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን 19 ዓመት ሞላኝ። ሥራውን ያለማመዱኝ ሽማግሌ ፈረንጅ ቁልፋቸው ላይ የምትበር ዳክዬ ነበረች። «ኸርማን ነው ስሙ» አሉኝ። ለካ የኖርዝ ሴንትራል አየር መንገድ አርማ ነው። እሳቸው እዚያ የገቡት በ1967 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አየር መንገዱ በ1979 ከሌላ ጋር ተዋህዶ ሪፐብሊክ ተባለ፣ በ1986 ኖርዝዌስት ጠቀለለው፣ በ2008 ደግሞ ዴልታ። ሰውየው ከአንድ ሥራ ሳይለቁ አራት ዩኒፎርም ለበሱ!

የኖርዝ ሴንትራል አነሳስ ያስገርማል። ክሊንተንቪል በምትባል የዊስኮንሲን ትንሽ ከተማ አንድ የከባድ መኪና ፋብሪካ በ1939 ለሥራ ጉዳይ አውሮፕላን ገዛ። ከዚያ ሠራተኞቹ አየር መንገድ አቋቋሙ። በ1948 ዘጠኝ ሰው ገደማ በምትይዝ ሎክሂድ አውሮፕላን መደበኛ በረራ ጀመሩ። ቀጥሎ የመጣው ዲሲ-3 ነው። ዳኮታ የምንለው እኮ ያው ዲሲ-3 ነው፣ የወታደር ልብስ የለበሰው። የእኛዎቹ በ1946 ወደ ካይሮ የበሩት በዚሁ ነው፤ አግዳሚ ወንበሩ ግራና ቀኝ፣ ጭነቱ መሀል።

ኖርዝ ሴንትራል በዲሲ-3 ከትንሽ ከተማ ትንሽ ከተማ ሲመላለስ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ቆየ። የእኛ አየር መንገድ ግን ቦይንግ ጄት ያስገባው ቀደም ብሎ በ1962 ነው። ሽማግሌው እንደነገሩኝ፣ ዲሲ-3 መሬት ላይ ጭራው ላይ ስለሚቀመጥ ተሳፋሪው ከኋላ በር ገብቶ ወደ ወንበሩ ዳገት ይወጣል። ያውም በሚኒሶታ ጥር፣ ካፖርት ደራርቦ! ገበያው ብቻውን ስለማያዋጣም የአሜሪካ መንግሥት አየር መንገዱን ይደጉመው ነበር።

ከእነዚያ የኖርዝ ሴንትራል ዲሲ-3ዎች አንዱን ዲትሮይት አጠገብ፣ ዲርቦርን ባለው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ አይቼዋለሁ። ከ84,000 ሰዓት በላይ በሯል። አንጋጥጬ ሳየው አንገቴን አመመኝ።

ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ ዳክዬዋን ለእኔ ሰጡኝ። ፎቶዋን ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። ቦታ ካላችሁ አውጡልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከሚኒያፖሊስ